የካምፕና የመንገድ ዳኛ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት የተማርኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። እናቴ የሺሀረግ ሽንኩርት ስትገዛ ትለዋለች፣ በር ስትቆልፍ ትለዋለች፣ የማታውቀው ሰው ፈገግ ሲልላት ትለዋለች። እኔ ደግሞ ከእሷ ብሼ ተገኘሁ። አስራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ አሶሳ ውስጥ ያልጠረጠርኩት ሰው አልነበረም፤ ውሃ የሚያመላልሰውን ባለጋሪ፣ የሰፈራችንን ባለመድኃኒት ቤት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ከረሜላ የምታድለንን ሴትዮ ሳይቀር። አባቴን ብቻ ትቼው ነበር። እሱን መጠርጠር የጀመርኩት ከሁሉም በኋላ ነው፤ ስጀምር ግን በደንብ ነው የጀመርኩት።

አባቴ አንለይ ይባላል። ከዳንግላ ተመድቦ የመጣ የስፖርት መምህር ነው። የምንኖረውም ትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ ላይ ለመምህራን ከተሠሩት ባለሁለት ክፍል ቤቶች በአንዱ ነበር። በከተማው የሚታወቀው ግን በመምህርነቱ ሳይሆን በፊሽካው ነው። በከተማው ያሉ የውጭ አገር ሰዎች እርስ በርስ በእግር ኳስ ሲጋጠሙ የሚዳኛቸው እሱ ነበር።

ያኔ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ቡድን ነበረ። አንደኛው በሆሞሻ በኩል ባለው የስደተኞች ካምፕ የሚሠሩት ናቸው፤ ዴንማርኩ፣ ኔፓሉ፣ ኬንያው፣ ኡጋንዳው ተቀላቅሎ። እነሱን «ካምፕ» እንላቸዋለን። ሁለተኛው ወደ ድንበር የሚወስደውን መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎች ናቸው፤ እነሱን «መንገድ» እንላቸዋለን። ለእኛ ለልጆቹ ሁሉም ፈረንጅ ነበር። የካምፕ ቡድን ግብ ጠባቂ ዶክተር ኦኬሎ የኡጋንዳ ሰው ነው፤ ጥቁረቱ ከማናችንም ይበልጣል። ቢሆንም መኪናው ብቅ ባለች ቁጥር «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያልን ከኋላው እንሮጥ ነበር፤ እሱም በመስኮት እጁን ያውለበልብልናል።

ሁለቱ ቡድኖች አይዋደዱም። ካምፕ «መንገዶች አቧራ አበሉን» ይላል፤ መንገድ «ካምፖች ገና ባልተዳመጠ ጠጠራችን ላይ ነዱብን» ይላል። በየሁለት ወሩ እሁድ ከሰዓት በትምህርት ቤታችን ሜዳ፣ በቀርከሃ ጎል ይጋጠማሉ። ያስያዙት ነገር ደግሞ ከዋንጫ ይከፋል፦ የተሸነፈ ቡድን በማግስቱ የአሸናፊውን መኪኖች አደባባይ ላይ ያጥባል። ባለፈው የተሸነፈው ካምፕ ነበር። ረጅሙ የዴንማርክ መሐንዲስ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ዳምጠው የምንለውን የመንገድ መዳመጫ በጨርቅ ሲወለውል ግማሽ አሶሳ ቆሞ አይቷል። መኪና በማጠብ የሚተዳደሩት ልጆች «እዚች ጋ ቀርታሃለች!» እያሉ ሲያሠሩት አንጀታችን እስኪቆስል ሳቅን።

እንዲህ ያለ ውርደት የሚያመጣ ፊሽካ የያዘ ሰው ቀላል ሰው አይደለም። ሁለቱም ወገን አባቴን የመረጡት ከማንም ምንም ስለማይቀበል ነው። በጨዋታ ቀን የራሱን ውሃ በኮዳ ይዞ ይሄዳል፤ የካምፕን የታሸገ ውሃ አይነካም፣ የመንገድን ሻይ አይነካም። እኔም በትምህርት ቤት «የዳኛው ልጅ» ስባል አንገቴ በአንድ ስንዝር ይረዝም ነበር።

ይሁንና እኔ በስውር የመንገድ ደጋፊ ነበርኩ፤ ምክንያቴም ደባልቄ ነው። ደባልቄ ቻይና ነው፤ ቀያሽ ነው፤ የመንገድ አጥቂ ነው። ስሙን ያወጡለት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛውንም በርታውንም ቻይንኛውንም ስለሚደባልቅ። ለቅየሳ የሚያስሩትን ቀይ ሪባን ትርፍራፊ ለሴቶች ልጆች ያድለን ስለነበር የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ፀጉሯ በመንገድ ሪባን የታሰረ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ውለታ አለ?

ጥርጣሬዬ የተጀመረው በመጋቢት ነው። አባቴ ሰው ሰላም ማለት ተወ።

ሁሉንም አይደለም። ፊት ለፊት የመጣውን ሰው እንደ ድሮው ቆቡን አንስቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከነቤተሰቡ ጤና ይጠይቃል። ከጎን የመጣውን ግን አልፎት ይሄዳል። ጎረቤታችን እማማ ወለተሥላሴ አንድ ቀን ከመንገዱ ዳር ሆነው «እንዴት ዋሉ መምህር?» አሉት። ቀና ብሎ አለፋቸው። በማግስቱ ቤታችን ድረስ መጡ።

«የሺሀረግ፣ ባልሽ ፈረንጅ ማጫወት ከጀመረ ወዲህ ሰላምታ ነሳን። ምን አድርገነው ነው?»

«ሐሳብ ላይ ሆኖ ነው እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉለት» አለች እናቴ። እናቴ ለማንም ይቅርታ ጠያቂ ሴት አልነበረችም። ይህንንም ያዝኩባት።

ቀጥሎ የሳሊማ ሱቅ መጣ። ሳሊማ በሆሞሻ መውጫ መንገድ ላይ ሱቅ ያላት የበርታ ሴት ናት፤ በሰፈሩ ፍሪጅ ያላት እሷ ብቻ ስለሆነች ቀዝቃዛ ከርከዴ በውሃ ጠርሙስ እየሞላች ትሸጣለች። አባቴ ዘወትር አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን «ነይ ሕብረት፣ ምሪኝ እስቲ» ይልና እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ወደዚያ እንሄዳለን። መጀመሪያ ፍቅር መስሎኝ ነበር። እዚያ ስንደርስ እኔን ደጅ በርጩማ ላይ ያስቀምጠኝና መጋረጃውን ገልጦ ፍሪጁ ወዳለበት የጓዳ ክፍል ይገባል። ሳሊማ ጠርሙስ ትሰጠኛለች።

«አንተ ልጅ፣ ከርከዴ ጠጣ። ወደ ውስጥ አታይም፣ እሺ?»

ሴት መሆኔን ታውቃለች፤ አማርኛዋ ግን ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚለው። አባቴ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ይወጣል። ዓይኑ እርጥብ ነው፣ ቀይ ነው። ሳሊማ መምህርን «ኡስታዝ» ነው የምትለው፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ኡስታዝ፣ ነገም ና። እዚህ ነው ያለው፣ ወላሂ ማንም አይነካም» ትለዋለች። ማንም የማይነካው ነገር ምንድነው? ከርከዴዬን እየመጠጥኩ ይህን አሰላስላለሁ። ፍቅር አለመሆኑ ገባኝ፤ እኔን የሚያስከትለኝ ሰው እንዳይጠረጥረው ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጅ ይዞ የሚሄድን ሰው ማን ይጠረጥራል?

ከዚያ አንድ ሐሙስ ዓይኔ ያየውን አየ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሳሊማ ሱቅ አጠገብ በቀርከሃው አጥር ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ጥሬ ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ እበላ ነበር። የዶክተር ኦኬሎ ነጭ መኪና መጥታ ቆመች። ዶክተሩ ወረደ፤ የክትባት ቀዝቃዛ ሣጥን ከፈተና ትንሽ ሰማያዊ ካርቶን አወጣ። አባቴ ከሱቁ ወጥቶ ተቀበለው። ካርቶኑን ኪሱ ከቶ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ገልመጥ ገልመጥ አለ። እኔ ያለሁት ሦስት እርምጃ ላይ ነው። አላየኝም። በመደበቅ ችሎታዬ እንዴት እንደኮራሁ!

በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። የአምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ያጠመደው «ሰንደይ» የሚለውንና «ኖባዲ» የሚለውን ነው። እሁድ ጨዋታ አለ። እሁድና ማንም። ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለግሁም።

ዛሬ ዶክተሩ ምን ይለው እንደነበር አውቃለሁ፤ «እሁድ አታጫውት» ነበር የሚለው።

ያን ቀን ምሳ ላይ የሰማሁት ደግሞ ጥርጣሬዬን በሚስማር መታው። ወላጆቼ ጓዳ ሆነው ይንሾካሾካሉ።

«እስከ መቼ ነው የምትደብቀው?» አለች እናቴ።

«ሁለት ዓመት ብቻ። ሁለት ዓመት ከሞላልኝ ማንም ምንም አያደርገኝም።»

«ሰራዊት ቢያውቅስ?»

«እሱ ካወቀማ አለቀልን። ከዚህ ቤትም ወጣን ማለት ነው።»

ሰራዊት የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ነው። ነጭ ቆብ የሚያደርግ፣ ደወል አንዲት ደቂቃ ካለፈች የሚቆጣ፣ ደንብ የሚወድ ሰው። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ አባቴ ከካምፕ ይበላል፣ እናቴ ታውቃለች፣ ሳሊማ ታስቀምጥላቸዋለች፣ ሰራዊት ደግሞ እየደረሰባቸው ነው።

እውነቱን አሁኑኑ ልናገር፤ እኔ ያኔ የተጫወትኩትን ድብብቆሽ በእናንተ ላይ አልጫወትም። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው የዓይን ጠብታ ነው። አባቴን ግላኮማ ይዞት ነበር። ይህ በሽታ ዓይንን ከዳር ነው የሚበላው፤ ፊት ለፊት ያለው ይታያል፣ ከጎን ያለው ይጠፋል። እማማ ወለተሥላሴ ጠፍተውበት ነበር። በሦስት እርምጃ ያለሁት እኔም ጠፍቼበት ነበር። ጠብታው ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ቤታችን ፍሪጅ የለም። መብራት ሲጠፋ ሳሊማ ጄኔሬተሯን የምታስነሳው ለከርከዴው ይመስለኝ ነበር፤ ለዚያች ካርቶን ነበር። አባቴ ያገለገለው ስምንት ዓመት ነው፤ በጤና ምክንያት የሚሰናበት ሰው ጡረታ የሚያገኘው አሥር ከሞላው ነው። ዓይኑ የማያይ የስፖርት መምህር ደግሞ የለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወገቡ የተጎዳው የእጅ ሥራ መምህር በደንቡ መሠረት ተሰናብቶ፣ በወሩ ቤቱን አስረክቦ፣ ልጆቹን ይዞ ሲሄድ አይተናል። ፊሽካውን ልመልስ ቢል «ለምን?» ይሉታል፤ አሶሳ «ለምን?» ተብሎ መልስ ሳይገኝ የሚታደርባት ከተማ አይደለችም።

ይህን ሁሉ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው ካርቶኑን ብቻ ነበር።

እሁድ ሆነ። ሚያዝያ ነው፤ ሙቀቱ ሜዳው ላይ ይንቀጠቀጣል። ካምፕ ሰማያዊ ካናቴራ፣ መንገድ ሥራ ላይ የሚለብሱትን የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው ወጡ። ከመስመሩ ዳር የሁለቱም መኪኖች ተደርድረዋል፤ ነጮቹ ላንድክሩዘሮች በአንድ በኩል፣ ጭቃ የጠጣው ሎደርና ዳምጠው በሌላ በኩል። ጓደኛዬ ቢሊሴ ጨው የነካ ማንጎ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። የባምባሲ ልጅ ናት፤ ማንንም አትደግፍም፣ ጩኸቱን ብቻ ነው የምትወደው።

የመስመር ዳኛው ሙርሳል ነበር፤ የበርታ ልጅ፣ ከአባቴ ዳኝነት የተማረ፣ አባቴን እንደ ታላቅ ወንድሙ የሚያከብር። አባቴ በጨዋታው ሁሉ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያዞር ነበር፤ እህል እንደምትለቅም ዶሮ። ጉቦ የበላን ሰው ያርበደብደዋል አልኩ በልቤ።

አንድ ለአንድ ሆነው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ደባልቄ ከቀኝ በኩል ገባ። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ መታ። ኦኬሎ አልደረሰበትም። ኳሷ ወደ ቀርከሃው ጥግ ስትገባ ረጅሙ ዴንማርክ በግራ እጁ ጠለዛት። በእጁ! አንድ ሺህ ሰው አየው። ሙርሳል ባንዲራውን አንስቶ ቀጥ አድርጎ ያዘ። አባቴ የቆመው መሐል ላይ ነው፤ ፊቱ ወደ ኦኬሎ ነው፤ የዴንማርኩ እጅም የሙርሳል ባንዲራም ከቀኙ ነበሩ። ፊሽካ የለም። ኦኬሎ ኳሷን አንስቶ፣ ጥፋቱን ሊያምን እንደፈለገ ሰው እጁን በግማሽ ወደ ላይ ካደረገ በኋላ ዙሪያውን አየና ጠለዛት። ኬንያው ባዶ ሜዳ ላይ አገኛት። ሁለት ለአንድ። ወዲያው የመጨረሻው ፊሽካ።

ሰው ሜዳ ገባ። ደባልቄ እጁን እያሳየ «ዳኛ! እጅ! ወላሂ እጅ!» ይላል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ዴንማርኩ መሬት መሬት ያያል፤ ዳምጠውን ዳግመኛ ላለማጠብ ነፍሱን የሚሰጥ ይመስላል። ሙርሳል ባንዲራውን እንደያዘ መጣ።

«መምህር፣ ባንዲራ አንስቼ ነበር እኮ። አላዩኝም?»

አባቴ አፉን ከፈተ። ከፊት ለፊቱ፣ በደንብ በሚያይበት ቦታ፣ ዳይሬክተር ሰራዊት ነጭ ቆቡን አድርጎ ቆሟል።

«አይቼሃለሁ» አለ አባቴ።

«አይተው ነው የተዉት?»

«አይቼ ነው የተውኩት።»

ሙርሳል ባንዲራውን ዝቅ አደረገ። ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ቁጣ አልነበረም፣ ሐፍረት ነበር፤ ለአባቴ ያፈረለት ሐፍረት። እኔ ግን አላፈርኩም። ነደድኩ። ለደባልቄ እንባ፣ ለሰላምታው፣ ለጓዳው ሹክሹክታ፣ ከሁሉም በላይ «የዳኛው ልጅ» ተብዬ ለተኮፈስኩባቸው ቀኖች ነደድኩ። ከሰው ጀርባ ቢሊሴ ትከሻ ላይ ተደግፌ በሙሉ ድምፄ ጮኽኩ።

«ካርቶን ተቀብሏል! ከዶክተሩ! ሳሊማ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው!»

ጮኼም ቁጢጥ አልኩ። ሰው ዞረ። «ማነው ያለው?» «ልጅ ነው።» «ምን አለ?» «ካርቶን በልቷል አለ።» ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ መሐል ደረሰ። ኦኬሎ አማርኛ አይችልም፤ «ዶክተር» እና «ካርቶን» የሚሉትን ግን ለመስማት አማርኛ አያስፈልግም። ፊቱ ተለዋወጠ።

ሰራዊት ጉሮሮውን ጠረገ። «አንለይ፣ የሚባለው እውነት ነው? ከዶክተሩ ካርቶን ተቀብለሃል?»

ኦኬሎ በእንግሊዝኛ ፈጠን ፈጠን እያለ መናገር ጀመረ። አባቴ መዳፉን አነሳበት። «ፕሊስ፣ ዶክተር» አለው። ዶክተሩ አፉን ዘጋ። የበሽተኛን ምስጢር ለመጠበቅ የማለ ሰው ነው፤ በሽተኛው ዝም በል ካለው ምን ማድረግ ይችላል?

አባቴ ፊቱን ወደ ሰራዊት አልነበረም ያዞረው፤ እኛ ልጆቹ ወዳለንበት በኩል ነበር፤ ማንንም እንደማያይ ግን ያስታውቅ ነበር።

«እውነት ነው። ካርቶን ተቀብያለሁ» አለ።

«ምን ነበረበት?»

«እሱ የኔ ጉዳይ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ነው። አንድ ሽማግሌ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል!» ብለው ሰውን አሳቁት። አባቴ የፊሽካውን ክር ከአንገቱ አውጥቶ ለሙርሳል ዘረጋለት፤ እጁ የሄደው ግን ከሙርሳል ትንሽ ወደ ግራ ነው። ሙርሳል አንድ እርምጃ ሄዶ ተቀበለው። ይህን ያኔም አይቼዋለሁ፤ ከንዴቱ የተነሳ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። ልጆች ወደ ሳሊማ ሱቅ ሮጡ። ሳሊማ ግን ወሬው ቀድሞ ደርሷት በሩን በጓጉንቸር ዘግታ፣ የለስላሳ ሣጥን ገልብጣ ደጁ ላይ ተቀምጣለች። «ፍሪጁ የኔ ነው! ማንም አይነካም!» እያለች እስኪመሽ አልተነሳችም።

እኔ ጀግና ነበርኩ፤ ከቢሊሴ በቀር የሚያውቀው ባይኖርም። ቢሊሴ ለማንም እንደማትናገር ምላልኝ ማንጎዋን ሰጠችኝ። ቤት ስገባ አባቴ እግሩን ታጥቦ፣ ግድግዳውን እያየ ተቀምጧል። «ራት ብይ» አለኝ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ምስር ትለቅማለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሌባ ለቅሶ ነው አልኩ። እንዲህ ያለ ልጅ ነበርኩ።

በማግስቱ አደባባዩ ላይ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። ማንም ሳያዝዘው ዶክተር ኦኬሎ ብቻውን ባልዲ ይዞ መጥቶ የመንገድን ሎደር ማጠብ ጀመረ። አሸናፊው እሱ ነው እኮ! ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቆይቶ ሳቁ ጠፋ። ከሰዓት ላይ ዴንማርኩ መጥቶ ምንም ሳይናገር ከጎኑ ጨርቅ አነሳ። ደባልቄ ጎማው ላይ ተቀምጦ ሲያያቸው ቆየና ውሃ ያቀብላቸው ጀመር። እኔ ጉቦ ሰጪ ንስሐ ሲገባ ያየሁ መስሎኝ ረክቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ካምፕና መንገድ አልተጋጠሙም።

አባቴ ሥራው ላይ ቆየ። የፈረንጅ ጨዋታ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ስላልሆነ ሰራዊት በደንቡ መሠረት የሚከስበት ነገር አላገኘም። ስሙ ግን «መምህር ካርቶን» ሆነ። ተማሪዎች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ካርቶን ይሥሉለታል። የሚያልፈውን ሰው ሰላም ባይል «ምን ዓይን አለው?» ይሉ ነበር፤ ምን ያህል እውነት እንደተናገሩ ሳያውቁት።

እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ «ምሪኝ» ሲለኝ የቤት ሥራ አለብኝ ማለት ጀመርኩ። በቀርከሃው አጥር ላይ እጁን እያስኬደ ብቻውን ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት መንገዶች አዲስ በቆፈሩት የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ወደቀና የትከሻው አጥንት ተሰበረ። «መንገድ ተበቀለው» ብሎ ከተማው ቀለደ። ቢሊሴ ቀልዱን ስትነግረኝ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ስለዚያ ሳቅ ብዙ ዓመት አልቅሻለሁ፤ አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይቃጠላል።

ሁለቱ ዓመት ሲሞላ፣ አሥረኛው የአገልግሎት ዓመት ባለቀ በሳምንቱ፣ አባቴ የኦኬሎን የሐኪም ደብዳቤ ይዞ ሰራዊት ቢሮ ገባ። እናቴ ክንዱን ይዛ አብራ ስለገባች የሆነውን የምታወራው እሷ ናት። ሰራዊት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ በሽታው የታወቀበትን ቀን አየ፤ ቆቡን አወለቀ።

«አንለይ፣ ያን ቀን ይህን ብትነግረኝ ኖሮ…»

«ብነግርህ ታሰናብተኝ ነበር።»

«አዎ» አለ ሰራዊት። «አሰናብትህ ነበር።» ከዚያ ተነስቶ በሩ ድረስ ሸኛቸው።

ምሳ ላይ እናቴ ሁሉንም ነገረችኝ። አስራ ሦስት ዓመቴ ነው። ጠብታው፣ ፍሪጁ፣ ሰላምታው፣ «ምሪኝ እስቲ» ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ሙርሳል በሰማ ቀን መጥቶ አባቴ እግር ሥር ተንበረከከ፤ እማማ ወለተሥላሴም እያለቀሱ መጡ። ሁሉም ይቅርታ ጠየቀ። ያን ቀን የጮኸው ማን እንደሆነ ግን ማንም አላነሳም፤ «አንድ ባለጌ ልጅ» ሆኖ ቀረ። እኔም ያን ባለጌ ልጅ ደብቄ አደግሁ። ሁሉም ይቅርታ ጠይቆ እኔ ብቻ ቀረሁ።

አሁን ማንኩሽ ከተማ ነው የማስተምረው፤ ጂኦግራፊ። ያለፈው ፋሲካ ወደ አሶሳ መጣሁ። አባቴ ዛሬ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አያይም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ በሬዲዮ የእንግሊዝ ኳስ ይሰማል፤ እናቴ ገበያ ሄዳለች። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለአስራ አራት ዓመት የተሸከምኩት ነገር በድንገት ከበደኝ።

«አባዬ፣ ያን ቀን ሜዳ ላይ ካርቶን ብሎ የጮኸው…»

ሬዲዮውን ቀነሰ። «አንቺ ነሽ» አለ።

«መቼ አወቅህ?»

«ስትጮኺ ነዋ። የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ምን ሆነ? የልጄን ድምፅ አጣዋለሁ?»

«ታዲያ ለምን አዎ አልክ?»

«ሰራዊት እውነት ነው ወይ ሲለኝ፣ ውሸት ነው ብል ማነው የዋሸው ሊባል ነው። ሰው ዞሮ ይፈልግሻል። ያገኙሽና ሕዝብ መሐል ያቆሙሻል፤ ደግመሽ በዪ ይሉሻል። በአስራ አንድ ዓመትሽ። ደግሞ ያልሽው ውሸት አልነበረም። ካርቶን ተቀብያለሁ።»

ለሰው ሁሉ፣ ለእናቴም ሳይቀር፣ «ለጡረታዬ ስል ነው» ሲል ነው የኖረው። ይህን ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጡረታውስ?» አልኩት።

«እሱም አለ።»

«የቱ ነው የቀደመው?»

«አንቺ» አለ፤ ቶሎ።

ያ ቶሎ ማለቱን ጠረጠርኩት። ምናልባት እውነት ነው፤ ምናልባት ማልቀሴን ሰምቶ አሁን የፈጠረልኝ ነው። በአሶሳ ሕዝብ ፊት ያላየውን አይቻለሁ ያለ ሰው፣ ለልጁ አንዲት ቃል መጨመር ይከብደዋል? ፊቱን መረመርኩት። አባቴ እንደምመረምረው አውቆ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«እየዋሸኸኝ ነው አይደል?» አልኩት።

«ዳኛው እኔ ነኝ» አለ። «ተወስኗል።» ሬዲዮውንም ከፍ አደረገው።